ቅጠል ይዋሻል

ይድረስ ለውዴ፣ ለቤዛ አባት፣ ለተሼ፤

እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱን እፈራለሁ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ አንተ ውሸት አትወድም። እንግዲህ ሰላምታዬን እንዲሁ ተቀበለኝ። ከተለየኸን ነገ ሰማንያ ቀን ይሞላል። ቀን ቆጣሪ መሆኔን ታውቃለህ፤ ከዳሚ ሰፈር ወጥተን እዚህ ሀርጌሳ ዳር የገባንበትን ቀን እንኳ በጣቴ ስቆጥር ትስቅብኝ ነበር። አሁንም እቆጥራለሁ፣ አሁን ግን የምቆጥረው ፈርቼ ነው።

ነገ ኤዶ ሳህራ ትምባሆውን ሊያዩ ይመጣሉ። መሬቱ የእሳቸው ነው፣ ባሻቸው ቀን ይመጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ በሶማሊኛ አክስቴ፣ ኤዶ እያለ የሚጠራቸው ሴትዮ ለኔ ዳኛ ሆነውብኛል። በአርባህ ቀን ያሉኝን ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ባልሽ እጅ ነበረው፣ ያንቺን እጅ ግን አላውቀውም አሉኝ። ቅጠሉ ሲደርስ አይቼ እወስናለሁ፤ ደህና ቅጠል ካወጣሽ ማሳውም ቤቱም በእጅሽ ይቆያል፤ ካላወጣሽ ከውጭ አገር የመጣው የወንድሜ ልጅ የመኪና ማጠቢያ ልሥራበት እያለ ነውና ለሱ እሰጠዋለሁ አሉ። ከአየር ማረፊያው የሚወጣው ታክሲና ሚኒባስ ሁሉ በደጃችን ስለሚያልፍ ልጁም አልተሳሳተም። እኔም እሺ ኤዶ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ማሳው ከሄደ ይቺ አንድ ክፍል ቤታችንም አብራ ትሄዳለች። እኔ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ድሮ ወደነበርኩበት ቤት ተመልሼ ሠራተኛ እሆናለሁ፤ እዚያ ደግሞ አዳሪ ሠራተኛ ልጅ ይዛ አትገባም። ቤዛ ወደ እናትህ ትላካለች ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው ተሼ። አያቷን የምታውቃቸው በስልክ ብቻ ነው። አማርኛዋንም ታውቀዋለህ፣ ጀምራው ሲቸግራት በሶማሊኛ ትጨርሰዋለች። እናትህ መልካም ሴት ናቸው፣ እሱን አልልም። ግን ልጄ ያለ እኔ ውጫሌ ድንበር ኬላው ላይ ተሰልፋ ስትሻገር በሐሳቤ አያታለሁ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም ከቆርቆሮው ጋር አብሬ እንቀጠቀጣለሁ።

አሁን የፈራሁትን ልንገርህ። ትምባሆህን አበላሽቼዋለሁ። ሁሉንም አይደለም፣ ብዙውን። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ፈሪ ለናቱ እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፣ አትቀልድ እልህ ነበር። አየህ፣ ደረሰ። ግን ከመፍረድህ በፊት ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ። አንተን ማስረዳት ሲያቅተኝ ከመጀመሪያው መጀመር ልማዴ ነው፤ አንተም እስክጨርስ ትታገሠኝ ነበር።

ስንተዋወቅ አንተ ዳሚ ውስጥ ብሎኬት ትደረድር ነበር፣ እኔ የሰው ልብስ አጥብ ነበር። በጎረምሳነትህ ደቡብ ወርደህ ሐይቅ ዳር ባለ ትልቅ የትምባሆ እርሻ እንደሠራህ የሰማሁት ከተጋባን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያውም ሁሴን አፉ ውስጥ የሚይዘውን ትምባሆ አሽትተህ፣ ይህን ቅጠል ማነው በውሃ ያሰከረው ብለህ የሳቅህ ቀን። ሁሴን ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከኔ ይሻላል፣ ተረቱም ከኔ ይበዛል። ከኔ በላይ ትምባሆ አዋቂ ነህ እንዴ ብሎ ቱግ አለብህ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አልተለያያችሁም። ከኤዶ ሳህራ ጋር ያገናኘን እሱ፣ ከጉድጓዱ በሞተር ውሃ የሚስብልን እሱ፣ ካልዘራህ ሞቼ እገኛለሁ ያለውም እሱ።

እናቴ ስትሰማ በስልክ አለቀሰች። ትምባሆ የተተከለበት ቤት ጸበል አይረጭበትም አለችኝ። አንተ ግን፣ እኔ አላጨስ፣ አልይዝ፣ እግዜርስ አፈሩን ሲፈጥር ይህን አብቅል ይህን አታብቅል ብሎ ጽፎበታል እንዴ ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ከሞትክ በኋላ ያ የእናቴ ቃል እየመጣ ይይዘኛል። በዚህ ቅጠል የተነሣ ይሆን እንዴ የተወሰድክብኝ? እንዲህ ያለውን ነገር ሄጄ የምጠይቀው የንስሐ አባት እዚህ የለኝም። ፈርቼ እጀምረዋለሁ፣ ፈርቼ እተወዋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ይልሃል? ችግኙን ማሳው ላይ ካዛወርክ በኋላ አንድ ሳምንት አጠጣኸውና ውሃ ከለከልከው። ከቀትር በኋላ ቅጠሉ ሁሉ ጆሮውን ጥሎ ሳየው አላስችል አለኝ፣ ባልዲ አንሥቼ ሮጥኩ። አንተ ባልዲውን ቀማኸኝ። ከግንዱ አጠገብ ማስ ማስ አደረግክና እጄን ያዝክ። ቅጠል ይዋሻል፣ ክንድሽን አስገቢ አልከኝ። እስከ ክርኔ አስገባሁ። ላዩ እንደ አመድ የደረቀው አፈር ከታች ቀዝቃዛ ነበር። ጨብጪው አልከኝ፤ ጨበጥኩት፣ ኳስ ሆነ። ጣይው አልከኝ፤ ጣልኩት፣ ፈረሰ። ልኩ ይህ ነው አልከኝ። ኳስ አልሆን ካለ ጠምቶታል። መዳፍሽን ካራሰና ወድቆም ካልፈረሰ ውሃው በዝቶበታል። ቀን ጠውልጎ ሲመሽ ቀና ካለ ደግሞ አትንኪው፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ታች እየወረደ ነው።

ይህን እራት ላይ ስንት ጊዜ ደጋግመህ እንደነገርከኝ! እኔ ግማሹን ብቻ ነበር የምሰማህ፣ ግማሹን ለቤዛ እያጎረስኩ። ጉልበት ሲደርስ ውሃ ስጪው፣ ያኔ ነው የሚመዘዘው። አበባው ከተቀነጠሰ በኋላ ቀንሽለት። ሲበስል ጭራሽ ተይው። ውሃ የጠገበ ቅጠል ይሰፋል እንጂ አይከብድም፤ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ነው፣ ጉልበት የለውም። ከልክ በላይ የተጠማ ደግሞ ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ አፍ ያቃጥላል። ሐይቅ ዳር ያሉት አለቆችህ ለሲጋራ ስለሆነ ገርጣ ያለውን ሰፊ ቅጠል ይወዱ ነበር። የሀርጌሳ ሰው ግን በጉንጩ ነውና የሚይዘው ወፍራሙን፣ ሙጫው ጣት ላይ የሚጣበቀውን ይፈልጋል። እዚህ አገር ሙያው ማጠጣት ሳይሆን በልክ ማስጠማት ነው ትለኝ ነበር። አንዳንዴ ስለ ቅጠል የምታወራውን ያህል ስለ እኔ ብታወራ ብዬ እቀና ነበር፣ ይቅር በለኝ።

ያን ዕለት ግን የጠማህ አንተ ነህ። ከማሳው መጥተህ ደጃፍ ላይ ጄሪካኑ ላይ ተቀመጥክ፣ ደረትህን ያዝክ፣ ውሃ ስጪኝ አልከኝ። በነጯ የብረት ኩባያ ቀድቼ ስመለስ አንገትህ ዘንበል ብሏል። ኩባያዋ እስከ አፏ ሞልታ ነበር። አንዲት ጠብታ ከንፈርህን አልነካችም። ተሼ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ የጠማው ነገር ማየት አልችልም። የመንገድ ውሻ እንኳ ምላሱን አውጥቶ ሳይ ልቤ ይርበተበታል። ይህን ልብ በልልኝ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ለቅሶ ስቀመጥ ችግኙ ውሃ ከተከለከለ ሃያኛ ቀኑን ይዞ ነበር። ሁሴን ማሳውን አቋርጦ ሲመጣ ሁሉም ጆሮውን ጥሎ አየው። እሱ ቅጠል መያዝ እንጂ ማብቀል መቼ ያውቃል? ለሟች ነፍስ ከሚሰጥ ሰደቃ ውሃን የሚያህል የለም ይላሉ፤ ለመንገደኛም ቢሆን፣ ለእንስሳም፣ ለተክልም። ሞተሩን አስነሣና ሦስት ቀን ሙሉ ለቀቀበት። ለተሾመ ነው፣ አላህ ይቀበለው እያለ። ጎረቤቶቹም ተራ ገብተው ቦይ ከፈቱ። ይህ ውሃ በጄሪካን ተቆጥሮ በአህያ የሚሸጥበት ከተማ ነው እኮ! እኔ ከሰው መሐል ተቀምጬ የሞተሩን ድምፅ ስሰማ፣ እሰይ፣ ባሌ ሰው ነበረው ብዬ ነው ያለቀስኩት።

በአራተኛው ቀን ስወጣ ቅጠሉ ሁሉ ተዝለፍልፎ መሬት ነክቷል። ጠምቶታል አልኩ። በምን ይጠማዋል? ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ! ግን እኔ የማየው ቅጠሉን ነው፣ የሚታየኝም ያንተ አንገት ነው። ባልዲ አነሣሁ። ጠዋት አጠጣሁ፣ ማታ አጠጣሁ። ባጠጣሁት ቁጥር ይብስበታል፣ በባሰበት ቁጥር አጠጣዋለሁ። ከታች ያለው ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ መሐሉ። ላይ ዳር ያሉትን ስድስቱን ረድፎች ብቻ ሳልነካ ተውኳቸው፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናቸውና የሁሴን ውሃም አልወጣላቸው፣ እኔም ባልዲ ተሸክሜ እዚያ ድረስ ለመውጣት አቅም አልነበረኝም። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረግሁ። በዘጠነኛው ቀን ቤዛ ከኋላዬ ቆማ፣ እማዬ፣ አባዬ እጁን ያስገባ የለም እንዴ አለችኝ።

ክንዴን አስገባሁ። ገና ከአንጓዬ ሳያልፍ ውሃ አገኘኝ። ተዘግቶ የከረመ ጄሪካን ሽታ ሸተተኝ። ሥሩን ስይዘው ቡናማ ሆኖ፣ እንደበሰለ ጎመን በጣቶቼ መሐል ተላጠ። ለካ ውሃ ውስጥ ቆሞም ይጠወልጋል! ለካ ሥሩ መተንፈስ ሲያቅተው መጠጣትም ያቅተዋል! ነግረኸኝ ነበር? ነግረኸኝ ይሆናል፣ ቤዛን ሳጎርስ። አፈር ልብላ፣ አልሰማሁህም።

ቦዩን ሁሉ ዘጋሁ፣ ውሃው የሚወጣበት መውረጃ ቆፈርኩ። ግማሹ ሞተ። የተረፈው በኋላ ተመዘዘ፣ እንዲያውም ሰፋ፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ። ግን ስይዘው ስስ ነው፣ ገርጥቷል፣ ጣት ላይ የሚቀር ነገር የለውም። ወረቀት ነው፣ አንተ ያልከው ወረቀት። ላይኞቹ ስድስት ረድፎች ደግሞ ድንክ ሆነው ቀርተዋል ብዬ ተስፋ ቆርጬባቸዋለሁ፤ አልፎ አልፎ ከጣለው ዝናብ በቀር ምንም አላገኙም።

ይህን ሁሉ ለሁሴን አልነገርኩትም። እሱ በሽታ ገባበት ብሎ ነው የሚያምነው። እንዴት ልንገረው? ለወንድምህ ነፍስ ያፈሰስከው ውሃ ማሳውን ገደለው ልበለው? ነገ ኤዶ ሳህራ ማነው እንዲህ ያደረገው ቢሉኝ ምን እንደምል አላውቅም። ሐሰት እፈራለሁ። እውነቱንም እፈራለሁ።

ሌላም የደበቅሁህ ነገር አለ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ሌሊት ዘንቦ ያደረ ቀን፣ ማልጄ ወጥቼ አበባ ስቀነጥስ አረፈድኩ። ቅጠሉ ገና ከነውሃው ነበር፤ ቀሚሴ እስከ ትከሻዬ ረጠበ። ወደ አምስት ሰዓት ላይ ዓይኔ ተጭበረበረ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ እንደ ከበሮ ትመታ ጀመር፣ ያለኝን ሁሉ አስመለሰኝ። ያንተው በሽታ መጣብኝ ብዬ ደረቴን ያዝኩ። ሞት አልነበረም ያስፈራኝ ተሼ፤ ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔንም እዚያችው ጄሪካን ላይ እንዳታገኘኝ ነው። እየዳህሁ ቤት ገባሁ። ስትመጣ ወለሉ ላይ አገኘችኝ፣ ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሮጣ ሁሴንን ጠራችው። እሱም ቀሚሴን ዳስሶ ርጥብ ቅጠል ነክተሻል ወይ አለኝ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ጤዛ ያለበትን ትምባሆ አትንኩ፣ መርዙ በውሃው በቆዳ ይገባል ትል ነበር። በሳሙና ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ ስተኛ በማግስቱ ለቀቀኝ። ቤዛን ግን አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ የቀሚሴን ጫፍ ሳትይዝ አትተኛም።

ስጽፍልህ ደመናው በተራራው በኩል እየጠቆረ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብኝ ከውሃ የሚጀምር ነገር ሁሉ ያስበረግገኛል። ዛሬ ከዘነበ የበሰለው ቅጠል ሙጫው ይታጠባል፣ መልሶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያለችኝም ትንሽ ነገር ትሄዳለች። ወንዙ ከሞላ ደግሞ አንተ አለህ። ስንቀብርህ ያ ደረቅ ወንዝ እንዲህ ቅርብ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። ቤዛ መጣች፣ ልብስ ላስገባ።

እዚያ ላይ አቁሜ ነበር። አሁን ማግስቱ ነው፣ ከቀትር በኋላ፤ እጄን ታጥቤ ተቀምጫለሁ፣ ከጥፍሬ ሥር ያለው አፈር ግን አልለቅ ብሎኛል።

እኛን ካፊያ ብቻ አድርጎ አለፈን። ተራራው ላይ ግን ጥሎ ኖሮ ወንዙ ሞልቶ ሲያጓራ አደረ። ሲነጋ ወዳንተ ልሮጥ ብል መሻገሪያው ገና አልጎደለም። ቅጠሉንም ጤዛው እስኪለቀው አልነካሁም። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም ስጠብቅ አራት ሰዓት ላይ ኤዶ ሳህራ በትራቸውን ይዘው ደረሱ። ሁሴንም ተከትሏቸው መጣ።

ሰላምታቸው አጭር ነበር። በቀጥታ ወደ ታችኛው ማሳ ወረዱ። አንድ ሰፊ ቅጠል በጠሱ፣ ወደ ፀሐይ አነሡት፣ ጨመደዱት። ይህ ሣር ነው አሉ። ባዶ ባዶውን ቦታ በበትራቸው እየነኩ ማነው ይህን ያጠጣው አሉኝ። እኔ ነኝ ኤዶ፣ የጠማው መስሎኝ ነው አልኩ። ሐሰትም አልነበረም፣ እውነትም አልሞላም። ሁሴን ጎንበስ አለና ከቆመው አንዱን ግንድ ነቀለ። ሥሩን አየ፣ ጣቶቹን አሸተተ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት ተሼ፤ ያንተን አስከሬን ሲያይ እንዲያ አልሆነም። ከዚያ ቀና ብሎ በሶማሊኛ፣ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፣ ሰደቃ ብዬ ሦስት ቀን ሞተር የለቀቅሁበት እኔ ነኝ አላቸው። እኔ የለም እላለሁ፣ እሱ ወላሂ ይላል። ኤዶ ሳህራ ሁለታችንንም አዩንና፣ ሰውዬው አንዲት ሚስትና አንድ ወዳጅ ነበረው፣ ሁለታችሁም ተጋግዛችሁ ማሳውን በውሃ ገደላችሁበት አሉ። አልሳቁም። እኔ ቤዛን በሐሳቤ ኬላው ላይ ሸኘኋት።

ከዚያ ምን እንደታያቸው አላውቅም፣ በትራቸውን እየተደገፉ ወደ ላይ ወጡ። ስድስቱ ረድፎች ጋ ቆሙ። እኔ እንዲያውም እዚያ አይውጡብኝ ብዬ ስጸልይ ነበር፣ ድንክዬዎቹን አይተው ይብሱን እንዳይናደዱ። አንድ ቅጠል በጠሱ፣ በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸው ተጣበቀ። አሸተቱት። ከዳሩ ቆርሰው ጉንጫቸው ውስጥ ከተቱትና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አውሮፕላን መጣ፣ አረፈ። እኔ የቀሚሴን ጫፍ ይዣለሁ፣ እንደ ቤዛ።

ተፍ አሉና፣ ይህንን ማን አጠጣው አሉ። ማንም አልኩ። ተሾመ ውሃ እንደከለከለው ነው የቀረው፣ ከሞተ ወዲህ እጃችን አልነካውም። ኤዶ ሳህራ ቅጠሉን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። እንግዲያው ይህ የሰውዬው እጅ ነው አሉ። ከነዚህ ለዘር አስቀሪ፤ የወንድሜ ልጅ ሌላ ቦታ ይፈልግ፤ እስከሚቀጥለው ምርት ጊዜ ሰጥቼሻለሁ፤ ስመጣ ግን ቀኑን አልነግርሽም። እኔ እጃቸውን ሳምኩ። ሁሴን ነው አልሐምዱሊላህ ያለልኝ።

ደስ ብሎኛል ብልህ ግማሹን ነው የነገርኩህ። ፍርሃቱ አልሄደም፣ ቀን ብቻ ተቀጠረለት። ስድስቱን ረድፎች ያሳደግኻቸው አንተ ነህ፤ የሚቀጥሉትን ያለ አንተ ላሳድግ ነው። ማን ባልዲውን ይቀማኛል? ግን ቤዛ ዛሬ ማታ እዚሁ ታድራለች። ነገም እዚሁ ታድራለች።

ወንዙ ሲጎድል ሦስታችን ወዳንተ ተሻገርን። ሁሴን ጄሪካን ተሸክሟል፤ ስንቴ አትሸከም ብለው አልሰማኝም። ጎርፉ ዳሩን ቆርሶ፣ ካንተ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆሟል። ውሃው ውስጥ ውስጡን ደርሶብህ ቢሆንስ? ላዩማ ደረቅ ነው። ላዩን መች አምናለሁ ከእንግዲህ? ተንበረከክሁና ከጎንህ ማስ ማስ አድርጌ ክንዴን አስገባሁ። ቤዛ ደንግጣ ቀሚሴን ያዘች። እስከ ክርኔ አስገባሁ፣ ከታች ያለውን ጨበጥኩ፣ አወጣሁ። ኳስ አልሆነም። በጣቶቼ መሐል እንደ ዱቄት ፈሰሰ። አልደረሰብህም ተሼ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ነጯን ኩባያ ከዘንቢሌ አወጣኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልጠጣባትም። ሁሴን ጄሪካኑን ሊያንቆረቁር ሲል እጁን ያዝኩት፣ አንድ ኩባያ ብቻ አልኩት። ገባው፤ በጥንቃቄ እስከ አፏ ሞላልኝ። ያን ዕለት የጠየቅኸኝን ውሃ አፈሰስኩልህ። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ።

አልረሳህም። ችግኝ ባዛወርኩ ቁጥር ክንዴን አስገባለሁ፣ ባስገባሁ ቁጥርም እጄን የያዝክባትን ያችን ቀን አስባለሁ። ለቤዛም አስተምራታለሁ፤ ያስታወሰችኝስ እሷ አይደለች?

ውሃው እስኪሰርግ ጠበቅን። ልንነሣ ስንል ቤዛ ሳትጠየቅ እጇን ሰደደች፣ ካፈሰስኩበት ቦታ አንድ እፍኝ አነሣችና ጨበጠችው። ኳስ ሆነ። ጣለችው፣ ፈረሰ። እማዬ፣ ልክ ነው አለችኝ።

ፈሪዋ ሚስትህ፣
አስካለ